የኳስ ወሬና የኳስ ሜዳ

ጋዜጣዎ ለአንባብያን አሳብ ሥፍራ የሚሰጥ ስለ ሆነ፤ እኔም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በልቤ ሳመላልሰው የቆየሁትን ነገር ጽፌ ልኬአለሁ። ነገሩ ስለ ኳስ ነው። በኳስ ወሬ ጋዜጣ ይሞላል ወይ? የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ያው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቴሌቪዢን ፊት የማይነሣ መሆኑን ስለማውቅ ወቀሳውን አልፈራውም።

እኔ በመዲናይቱ ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የማስተምረው ሒሳብ ነው። ስፖርት አላስተምርም፤ በተማሪነቴም ጊዜ ቢሆን በተጠባባቂነት እንጂ በተሰላፊነት የምታወቅ ሰው አልነበርሁም። ሆኖም የተማሪዎች ጨዋታ ካለ የማልቀር ተመልካች ነኝ። የታላላቅ ክለቦችን ጨዋታ ትቼ የትምህርት ቤት ውድድር ለማየት አንድ ጊዜ ወደ ሰበታ፥ አንድ ጊዜ ወደ ቡራዩ፥ ሌላ ጊዜም ወደ ሱሉልታ ብርድ የሄድሁበት ቀን ብዙ ነው። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ከበሽታ ትቆጥረዋለች፤ በሽታም ከሆነ የማያስተኛ በሽታ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ግንቦት ወር ያየሁት አንድ ጨዋታ ነው። የትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ቡድን ከሱሉልታ ልጆች ጋር ለመጋጠም በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተጭኖ ሄደ። እኔም ከስፖርት መምህሩ ጎን ተቀምጬ አብሬ ሄድሁ። የእንጦጦን ጀርባ አልፈን ወደ ሜዳው ስንወርድ ልጆቹ ይዘፍኑ ነበር። ስለ ሱሉልታ የማያውቅ ሰው ቢኖር፤ አገሩ ከፍተኛና ነፋሻ፥ ሣሩ ሰፊ፥ በክረምትም ውሃ የሚተኛበት ነው። ስመ ጥር ሯጮቻችን ማለዳ የሚለማመዱት በዚያ ነው። የኳሱም ሜዳ እንደ አገሩ ሁሉ ሰፊ ነበር። የጎሉ ቋሚዎች የባሕር ዛፍ ግንዶች ከመሆናቸው በቀር የሚጎድለው አልነበረም።

ጨዋታው ተጀመረ። የኛ ልጆች ኳስ አያያዛቸው እጅግ ያማረ ነው። በአንዲት ክንድ ቦታ ላይ ሦስት ሰው አታልለው ያልፋሉ፤ ኳሷም ከእግራቸው የተሰፋች ትመስላለች። ተመልካቹ ሁሉ አጨበጨበላቸው፤ የመጀመሪያይቱንም ጎል ያገቡት እነርሱ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን አንድ እንግዳ ነገር አስተዋልሁ። ዐሥራ አንዱም ልጆች እንደ በግ መንጋ በሜዳው መካከል ተከማችተዋል። በግራም በቀኝም በኩል ያለው ሣር ባዶውን ተኝቷል። የሱሉልታ ልጆች ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ ኳሷን ወደ ዳር ረጅም አድርገው እየለጉ በሩጫ ያገኟት ጀመር። ከዕረፍት በኋላ የኛዎቹ እግራቸው ዛለ፤ 4 ለ 1 ተሸነፍን።

በመመለሻችን ጊዜ አውቶቡሱ ጸጥ ብሎ ነበር። የቡድኑ አምበል ከበስተኋላዬ ተቀምጦ ነበርና፤ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁም ጥቂት ካሰበ በኋላ፤ «ቲቸር፥ ሜዳው እኮ አያልቅም» ሲል መለሰልኝ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ ይህ አነጋገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጆቹ ሰፊ ሜዳ ፈሩ ማለት ነው። የሚለማመዱት በኮብልስቶን መንገድ ላይ፥ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው፥ ባጃጅ በመጣ ቁጥር እየተበተኑ ነውና ስለ ክንፍ ጨዋታ ምን ሊያውቁ ይችላሉ? ሰው ያልኖረበትን ስፋት ሊጠቀምበት አይችልም።

ሜዳ ግን ነበራቸው። እንዴት እንደ ጠፋ ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም ካጠፉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤታችን የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ተደረገ። በዚያ ጊዜ በፈረቃ እናስተምር ነበር፤ በአንድ ክፍል ውስጥም ከ70 የማያንስ ተማሪ ተጠጋግቶ ይቀመጥ ነበር። ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ተገኝቷል፤ መሬት ግን ከኳስ ሜዳው በቀር የለም ተባለ። የስፖርት መምህሩ ብቻውን ተነሥቶ ተከራከረ። እኔም ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ጠመኔ አንሥቼ በሰሌዳው ላይ ወጣሁ። ርዝመቱን 105 ሜትር፥ ወርዱን 68 ሜትር ብዬ አባዝቼ 7,140 ካሬ ሜትር አገኘሁ። «ይህን የሚያህል መሬት በሳምንት ስንት ሰዓት ሥራ ላይ ይውላል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱንም ራሴው ሰጠሁ። ሰው ሁሉ በሒሳቡ ረታ። እጅ ሲወጣ የኔም እጅ ወጣ።

ሕንፃው ተሠራ፤ ጥሩ ሕንፃ ነው። ዛሬ በአንድ ክፍል የማስተምራቸው ከ50 አይበልጡም፤ የደብተራቸውንም ስሕተት አንድ በአንድ ለማየት ችያለሁ። ስለዚህ ውሳኔው ፈጽሞ ስሕተት ነበር ለማለት ድፍረት የለኝም። የማስተምርበት ክፍል በግምቴ ከቀድሞው ሜዳ የግራው የማዕዘን ምት ይመታበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ በመስኮት ስመለከት፤ በዚያ በሰሌዳ ላይ በሠራሁት ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ቁጥር እንዳለ ይሰማኛል፤ ምን እንደ ሆነ ግን ከሱሉልታ እስክንመለስ ድረስ አላወቅሁትም ነበር።

አሁን ወደ ጋዜጣና ወደ ራዲዮ ወሬ ልመለስ። ተማሪዎቼ ስለ ኳስ ያላቸው ዕውቀት የሚያስደነግጥ ነው። የአርሰናልን ተሰላፊዎች ከነተጠባባቂዎቻቸው፥ ማን እንደ ቆሰለ፥ ማን በስንት ሚሊዮን ፓውንድ እንደ ተሸጠ እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንቡታል። አንድ ቀን በትምህርት ማብቂያ ላይ አምስት ደቂቃ ተርፋኝ፤ «ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለት ልጆች ብቻ መለሱ። «ጎሎቹንስ ማን አገባ?» አልሁ፤ ማንም አልመለሰም። «ይድነቃቸው ተሰማ ማን ናቸው?» ብዬ ስጨምር፤ አንዱ በሙሉ ልብ፥ «ዘፋኝ ናቸው» አለኝ።

በልጁ አልፈረድሁም። ከየት ሰምቶ ይወቅ? ስለዚህ ለእርሱና ለመሰሎቹ የሚሆን ጥቂት ቃል በዚህ ላይ ባኖር አንባቢ ይታገሠኝ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲዮም ኢትዮጵያና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ለ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ተጋጠሙ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተው ሁለት ጊዜ ተደረሰባቸው። ለኢትዮጵያ በመጀመሪያ ያገባው ተክሌ ኪዳኔ ነው፤ ሁለተኛውን መንግሥቱ ወርቁ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አገባ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁም እንደ ገና አራተኛውን አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የድሬዳዋው የጥጥ ማኅበር ቡድን ተጫዋች ነበር። ይህ ሰው በመስከረም 2015 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር ዐረፈ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፥ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ፥ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤት አሉኝ። በዚያን ጊዜ ትንሽ ተማሪ ነበሩ። ስለዚያ ዘመን ሲያጫውቱኝ ከዋንጫው ይልቅ አብልጠው የሚያነሡት የትምህርት ቤቶችን ውድድር ነው። «ልጄ፥ የዚያን ጊዜ ተጫዋቹን የምናውቀው ገና በቁምጣ ሳለ ነው፤ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አይተነው፥ ስም አውጥተንለት፥ በኋላ በስታዲዮም ስናገኘው እንደ ዘመድ ነበር የምንደሰተው» ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ የጠፋብን ዋንጫው ብቻ አይደለም፤ ይህም ዘመድነት ነው። በ1974ቱ የሊቢያ ውድድር ከተካፈልን በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ እንደ ገና እስክንደርስ 31 ዓመት ፈጀብን። በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ አዳነ ግርማ በዛምቢያ ላይ ያገባት ጎል ስንቱን እንዳስለቀሰች አይረሳም። ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር በካሜሩን ተካፈልን። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እንደ ባለሜዳ የተቆጠርነው በማላዊ አገር በሊሎንግዌ ነው፤ አገራችን ውስጥ በደረጃው የታመነበት ስታዲዮም አልነበረምና። የብሔራዊው ቡድን ሜዳ አጥቶ በሰው አገር ሲጫወት፥ የኔ ተማሪዎች በመንገድ ላይ መጫወታቸው ምን ያስደንቃል? የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች ማንበብ አይሆንልኝም።

የሰበታንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ሰበታ የቡድን ደኻ አልነበረችም፤ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በስሙ የሚጠራ ቡድን ነበረው። በኋላም የሰበታ ከተማ ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጥቶ በ2012፥ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ተጫወተ። ውበቱ አባተ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ከመሆኑ አስቀድሞ ይህን ቡድን ያሠለጥን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሊጉ በጥቂት ከተሞች በየተራ እንዲካሄድ ተደረገ፤ ጨዋታውም በዲ.ኤስ.ቲቪ እንዲተላለፍ ሆነ። ስለዚህ የሰበታ ልጅ በከተማው ስም የሚጠራውን ቡድን ለማየት ወይም ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋ፥ ሐዋሳ መሄድ፥ ወይም ክፍያ ከፍሎ ከቴሌቪዢን ፊት መቀመጥ ነበረበት። ቡድኑ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከሊጉ ወረደ። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ የልጆቹን ፊት ተመለከትሁ፤ ያዘነ አላየሁም። በአንጻሩ አርሰናል በተሸነፈ በማግሥቱ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ሰው ያላየውን ነገር ሊወድ አይችልም።

በዚህ ላይ የውርርዱ ነገር ተጨመረ። በየመንደሩ የተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ልጁን የቡድን ደጋፊ መሆኑን አስተውተው የትኬት ደጋፊ አድርገውታል። አንድ ተማሪ ለአንድ ቡድን እያጨበጨበ ሳለ ማዕዘን ምቱ ከዘጠኝ እንዳያልፍበት ሲጸልይ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ብዙ መናገር እችል ነበር፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ግን ያውቀዋልና አልፈዋለሁ።

ስለ ደመወዝ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። መምህር እንደ መሆኔ ይህን ስሰማ ቀናሁ ብል ሐሰት አይሆንም። ይሁን እንጂ ያስቆጨኝ የተጫዋቹ ገንዘብ አይደለም፤ ዕድሜው አጭር ነውና ይብላው። የሚያስቆጨኝ ብዙዎቹ ክለቦቻችን በማዘጋጃ ቤትና በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ ሲሆኑ፤ ከዚያው ከሕዝብ ገንዘብ ተቈንጥሮ ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ኳስ የሚገዛ ሰው መጥፋቱ ነው።

አሁን ስለ ቅርጫት ኳስ ልናገር። ይህን ጨዋታ በጋዜጦቻችን የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከእግር ኳስ የማላሳንስበት ምክንያት አለኝ።

እኔ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ግቢው ጠባብ ነበር፤ ባንድ ወገን ቤተ ክርስቲያኑ፥ ባንድ ወገን ክሊኒኩ፥ በመካከል የቀረችው መሬት ለእግር ኳስ አትበቃም። ስለዚህ ሲስተሮቹ ሁለት ቀለበት አስተክለው ቅርጫት ኳስ አስተማሩን። አጫዋችዋ አንዲት አረጋዊት ሲስተር ነበሩ፤ ቀሚሳቸውን ባንድ እጅ ከፍ አድርገው፥ ፊሽካቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ሲሮጡ ዛሬም በዓይኔ ይታዩኛል። ኳስ ይዞ የሮጠውን ልጅ፤ «አንተ ሌባ ነህን?» ይሉት ነበር። የጨዋታውንም ታሪክ ከስብከት ባላነሰ ክብር ነበር የሚነግሩን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ በካናዳ ተወልዶ ነገረ መለኮት የተማረ መምህር በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በወወክማ የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ወሩ ታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. ነው። ውጭው በረዶ ስለ ሆነ ተማሪዎቹ ተሰላችተው ግቢውን አወኩት፤ አለቃውም በቤት ውስጥ የሚሆን አዲስ ጨዋታ እንዲፈልግ አዘዘው። ኔይስሚዝ የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን ቢጠይቀው፤ ሰውዬው ሣጥን አጥቶ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት አመጣለት። ቅርጫቶቹን በአዳራሹ ሰገነት አጥር ላይ ቸነከራቸው፤ የሰገነቱ ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነበርና እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ የቀለበቱ ከፍታ ይኸው ነው። 13 ሕጎች ጻፈ፤ 18ቱን ተማሪዎች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፈላቸው። ለጨዋታው የሚሆን ሌላ ኳስ ስላልነበረ የተጫወቱት በእግር ኳስ ኳስ ነው፤ ያም የመጀመሪያው ጨዋታ በ1 ለ 0 አለቀ። አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላው በ1928 ዓ.ም. በበርሊን ኦሊምፒክ ገባ። ወደ አገራችንም መለስ ብንል፤ ያው ወወክማ በአራት ኪሎ ቤት ነበረውና የቀድሞ ሰዎች ስሙን ሲያነሡ ስፖርትን አብረው ያነሣሉ።

ይህን ሁሉ ማተቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ያንን ሰው ወደዚህ ጨዋታ የገፋው የመሬት እጦት ነው፤ የእርሱን ሜዳ በረዶ ወሰደበት፥ የኛን ደግሞ ሕንፃ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 28፥ ወርዱ 15 ሜትር፥ ስፋቱም 420 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ በሰሌዳ የጻፍሁትን 7,140 ለ420 ብናካፍለው ልክ 17 ይሆናል። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ 17 የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይወጣዋል ማለት ነው። ከሱሉልታ በተመለስን በሳምንቱ ይህን ሒሳብ ለስፖርት መምህሩ ባሳየው፤ «አንተ ሰው፥ ሒሳብ አታቆምምን?» ብሎ ሳቀብኝ። ነገር ግን ሐሳቡን አልጠላውም።

መምህራን ጥቂት ጥቂት አዋጣን። አንድ የከተማው በያጅ ዲያሜትሩ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ቀለበት ሠራልን። ሰሌዳውን ከአሮጌ የክፍል በር ቆርጠን አበጀነው። ቦታው ከአዲሱ ሕንፃ ጎን ያለው ሲሚንቶ ነው፤ ግማሽ ሜዳ እንጂ ሙሉ አይሆንም፤ ይሁን አልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላሰብሁትም ነበር። ሜዳው እንደ ተሠራ መጀመሪያ የያዙት ሴቶች ተማሪዎች ናቸው። በድሮው ሰፊ ሜዳ ጊዜ ሴቶቹ ዳር ቆመው ጃኬት ከመያዝ በቀር ሥራ እንዳልነበራቸው፤ እኔም ይህን ለዓመታት እያየሁ እንዳላየሁት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አሁን በዕረፍት ሰዓት ወንዶቹ ተራ ለማግኘት ይለምናሉ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ ከሩቅ ስትወረውር ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ ትገባለች። አባቷ አንድ ቀን ልጁን ሊወስድ መጥቶ፥ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፥ ሦስት ጊዜ ስታገባ ካየ በኋላ ምንም ሳይናገር መቀመጫ ፈልጎ ተቀመጠ። ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው አምሽታ ነው።

ስለዚህ በሜዳው መጥፋት የጠፋም የተገኘም አለ። ሆኖም አንዱ ለሌላው ምትክ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የሱሉልታው ልጅ በሰፊ ሣር ላይ የሚማረው ነገር በሲሚንቶ ላይ አይገኝም።

በሩቅ አገር የተማሪዎች ስፖርት ምን ያህል እንደሚከበር የሚያውቅ ያውቃል። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲዮም ብቻ ከ107 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ይይዛል፤ የሚጫወቱበት ተማሪዎች ናቸው፤ የሚጫወቱትም በእጅ እየያዙ «እግር ኳስ» የሚሉትን ነው፤ ይህን የስም ነገር ለእነርሱ እንተወው። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውድድራቸውም በየዓመቱ በመጋቢት ወር አገር ምድሩን ሥራ ያስፈታል። ነገር ግን ገንዘቡ እየበዛ ሄዶ፤ ከ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍል ተፈቅዷል። እኔ ይህን ለአገሬ አልመኝም። የምመኘው ያነሰ ነገር ነው፤ ይኸውም የስፖርት ዓምዶቻችን በሳምንት አንድ ቀን፥ በአንዲት ጠባብ ጥግ፥ የሰበታ ትምህርት ቤት ከቡራዩ ትምህርት ቤት ተጋጥሞ ስንት ለስንት እንደ ሆነ፥ ማን እንዳገባ ቢጽፉ ነው። ስሙን በጋዜጣ ያየ የ16 ዓመት ልጅ ጋዜጣውን እስኪያረጅ ድረስ በኪሱ ይዞት እንደሚዞር እኔ ዋስ ነኝ። እናቱም ለጎረቤት ታሳያለች። ጎረቤቱም በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳው ድረስ ይመጣል።

ሁለተኛው ቃሌ ለአንባብያን ነው። ከእናንተ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ተማርራችሁ ወደነዚህ ከተሞች የመጣችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ ማለዳ በሰልፍ ላይ ሁልጊዜ እንገናኛለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። በካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባች ቦታ በእጃችሁ ስታልፍ፤ ማኅተሙን ከማሳረፋችሁ በፊት በዚያች ቦታ ላይ ከትምህርት በኋላ የሚሮጠው የማን ልጅ እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ብትጠይቁ መልካም ነበር። ብዙ ጊዜ የናንተው ልጅ ነው።

ይህን የምጽፈው ከጊዜው ጋር የተያያዘ ጉዳይ ስላለኝ ነው። ከቀድሞው ሜዳችን ከሕንፃው በስተጀርባ አንዲት ቁራጭ መሬት ተርፋለች። ትናንት በርምጃዬ ስለካት ርዝመቷ 41፥ ወርዷ 26 ርምጃ ሆነች፤ ትንንሾቹ ልጆች አምስት አምስት ሆነው ይጫወቱባታል። አሁን ደግሞ በዚህች ቦታ ላይ ለትምህርት ቤቱ ገቢ የሚያስገኙ ሱቆች ይሠሩ የሚል አሳብ ቀርቧል። አሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ትምህርት ቤቱ የጠመኔ መግዣ እንኳ የሚቸግረው ጊዜ አለ። ስብሰባው ለመጪው ሐሙስ ተቀጥሯል። ስፋቱን፥ የሱቆቹን ቁጥርና የኪራዩን ገቢ አስልቼ በሰሌዳ ላይ እንዳቀርብ እንደ ወትሮው እኔ ተጠይቄአለሁ።

እስከ ዛሬ ማታ ድረስ አልሠራሁትም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር